«ማርያም፣ ቲ. ጂ.» ማናት?

አምና አንዲት ጽሑፍ ለአንድ የውጭ አገር የእንስሳት ሕክምና ጆርናል ላክሁ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ በሦስት ቀን የሚመልስ ጆርናል ከየት ይገኛል ብዬ። ስከፍተው ገምጋሚ ዘንድ እንኳን አልደረሰችም። ሪፈረንሶቹ (የጠቀስኳቸው ጽሑፎች ዝርዝር) በጆርናሉ መመሪያ መሠረት አልተዘጋጁም፣ አስተካክለው ይላኩ ይላል። አስተካክዬ ላክሁ። ተመለሰች። ደግሜ አስተካከልኩ። አሁንም ተመለሰች። ስምንት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ አንዳንዴም እርግጫ እየቀመስኩ ከላም ጡት ሥር የሰበሰብኩት ዳታ ማንም ሳያነበው፣ በነጠላ ሰረዝና በነጥብ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከደጅ ተመለሰ።

ያኔ ተናድጄ ለባልደረቦቼ ያላልኩት ነገር የለም። ፈረንጅ ድሮም አይወደንም ሁሉ ብያለሁ። ቆይቼ ረጋ ብዬ ሳየው ግን ኤዲተሩ የነገረኝ ከላይ ከላዩን ነው። ውስጡ የነበረው ጉድ ከነጠላ ሰረዝ የባሰ ነበር። ይህን የምጽፈው የዲቪኤም (የእንስሳት ሕክምና ዶክትሬት) ወይም የማስተርስ ጥናታቸውን ወደ ጆርናል ጽሑፍ ለመቀየር ላይ ታች ለሚሉ ልጆች ነው። በየሳምንቱ አንድ ሁለቱ «ዶክተር፣ ሪፈረንሴን ይዩልኝ» ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ቁጭ ብዬ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ ቀላሉን ላውጣ። ጆርናሎቹ በሁለት ጎራ ናቸው። አንደኛው ቁጥር ይጠቀማል። ጽሑፉ ውስጥ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዝርዝርም በዚያው ተራ ይቀመጣል። ቫንኩቨር የሚሉት ይህን ነው፣ በ1978 የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ስለተነጋገሩበት። ሌላው ስምና ዓመት የሚጽፈው ሃርቫርድ ነው። ይህኛው እንዲያውም የእኛው የእንስሳት ሰዎች ሥራ ነው። መጀመሪያ ተጠቀመበት የሚባለው ኤድዋርድ ማርክ የሚባል የሃርቫርድ የእንስሳት ተመራማሪ ነው፣ በ1881 ስለ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ እንቁላል በጻፈው ጽሑፍ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ስለ እሱ ጣጣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።) ቢኤምሲ ቬተሪናሪ ሪሰርች በቁጥር ይሄዳል፣ ፕሪቬንቲቭ ቬተሪናሪ ሜዲስን በስምና በዓመት። ስለዚህ አንዱ አልቀበልም ብሎህ ወደ ሌላው ስትዞር ሪፈረንሱ በሙሉ ይገለበጣል ማለት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ በአንዲት ምሳሌ ላሳይ። ማስታይቲስ (የላም ጡት በሽታ) ላይ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሲ.ኤም.ቲ. የምትባል ምርመራ አለች። አራት ጎድጓዳ ያላት ፕላስቲክ ላይ ከየጡቱ ትንሽ ወተት ታልባለህ፣ መድኃኒቱን ትጨምራለህ፣ ክብ ክብ ታዞራለህ፣ ወተቱ እንደ እንቁላል ነጭ ከተዝለገለገ ላሟ ታማለች። ይህን ያመጡት ሻልምና ኑርላንደር የሚባሉ ሰዎች ናቸው። በ1957 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ጆርናል፣ ቅጽ 130፣ ከገጽ 199 እስከ 204 ላይ ነው ያወጡት። በቫንኩቨር ሲጻፍ ዓመቱ ከጆርናሉ ስም ኋላ ይመጣና 1957;130:199-204 ይሆናል፣ ሁሉም ተጣብቆ፣ ክፍተት የሚባል የለም። በስምና በዓመት ሲጻፍ ግን 1957 ከደራሲዎቹ ስም ቀጥሎ ይቀመጣል፣ በስማቸው መካከል «እና» ይገባል ወይም አይገባም፣ ዓመቱ በቅንፍ ይሆናል ወይም አይሆንም፣ የጆርናሉ ስም ያጥራል ወይም በሙሉ ይጻፋል። የዓለም ማብቂያ የሚያህል ነገር አይደለም። ግን ስልሳ አንድ ሪፈረንስ ላይ እያንዳንዷን በእጅ ስትነካ ሌሊቱ ይነጋል።

እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በእጄ። ወርድ ላይ። መጀመሪያ በቁጥር ሠርቼው ሳለ መሃል ላይ አንዲት ሪፈረንስ ስጨምር ከ14 በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ተዛባና ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አንድ በአንድ ሳስተካክል አመሸሁ። ማንም እንደኔ አይሁን። ዞቴሮ የሚባል ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር አለ፣ ነፃ ነው፣ ኔት በሌለበትም ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሠራል። ሜንደሌይም ነፃ ነው፣ በ2013 ኤልሰቪየር ገዝቶታል። ኤንድኖት በገንዘብ ነው፣ በክራክ የሚጠቀሙበትን ሰዎች አውቃለሁ፣ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ዞቴሮ ላይ ጽሑፉን ታስገባላችሁ፣ ወርድ ላይ ትጠሩታላችሁ፣ የጆርናሉን ስታይል ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ነጠላ ሰረዙን፣ ነጥቡን፣ ሰያፍ ፊደሉን፣ ቅደም ተከተሉን ማሽኑ ይጨርሰዋል። ጆርናል ብትቀይሩ ስታይሉን መቀየር ነው፣ ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዞቴሮን ካወቅሁ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁ። ማሽኑ ነጠላ ሰረዝ ያውቃል። የአበሻ ስም ግን አያውቅም።

የተመለሰችውን ጽሑፍ አማካሪዬ ፊት ይዤ ቀረብኩ። መነጽራቸውን አደረጉና ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ማየት ጀመሩ። ኤም የሚለው ፊደል ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማርያም፣ ቲ. ጂ. ማናት?»

ዝም አልኩ።

«ሚካኤል፣ ኤ. ኤችስ?»

ኤስ ላይ ሥላሴ አለ። ጂ ላይ ጊዮርጊስ። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሪፈረንስ ነው ወይስ የወሩ በዓላት ዝርዝር? ሰባት፣ አስራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት ሁሉ አለህ» አሉኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። የአባቱ ስም ገብረ ማርያም የሆነ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ለሁለት ከፍሎ ከጻፈው፣ ሲስተሙ የመጨረሻዋን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። ገብረ የሚለው የሰውየው መካከለኛ ስም ይሆንና ወደ ጂ ይቀነሳል። የራሱ ስም ተስፋዬ ደግሞ ቲ ትሆናለች። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ላይ የለፋ ሰው «ማርያም፣ ቲ. ጂ.» ሆኖ ይቀራል። ያው ሰውዬ በሌላ ጽሑፍ ላይ አንድ ላይ አጣብቆ ከጻፈው ደግሞ ጂ ላይ ይወጣል። በሦስተኛው በራሱ ስም ይገባና ቲ ላይ ይቀመጣል። እኔ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ነበር። ጽሑፉ ውስጥ በአንዱ ስም ጠርቼው ዝርዝሩ ውስጥ በሌላው አስቀምጬዋለሁ፣ ከዚያ ኤዲተሩ «ተጠቅሷል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ሲለኝ ፈረንጁን እሰድባለሁ።

የፊደሉ ነገርማ ሌላ ጣጣ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ መጨረሻውን አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይዘጋዋል። አንድ ሰው ራሱ ከዲቪኤም እስከ ፒኤችዲ ሦስት ዓይነት አድርጎ የጻፈበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ራሴ ሁለት ልብ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። እኔን የሚጠራኝ ሰው በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ «ዶክተር» ብሎ የአባቴን ስም የሚያስከትል አገር ቤት የለም። አንዳንድ የአገር ውስጥ ጆርናሎች ይህን አውቀው የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡ፣ ከነአባት ስሙ በሙሉ ይጽፋሉ። ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ለእነሱ ስትልኩ እንደዚያ አድርጉ። ለውጭ ጆርናል ስትልኩ ግን በራሳችሁ ስልጣን አንዱን ገልብጣችሁ ሌላውን አትተዉ። የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱ፣ እዚያ ላይ «እንዲህ ተብሎ ይጠቀስ» የሚል ካለ እሱን ተከተሉ፣ ከሌለም ሰውየው ስሙን እንዴት እንደጻፈ እዩና ገብረ እና ማርያምን አንድ ሳጥን ውስጥ አስገቡለት። የሚፈልገው ሰው ማግኘት አለበት፣ ነገሩ ያው የአድራሻ ጉዳይ ነው። የቤት ቁጥሩ ስላልጣመን በሌላ ቁጥር አንጽፍም።

ዞቴሮ ላይ ከስሙ ሳጥን አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፣ ስትነኳት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። የመሥሪያ ቤት ስም ሁልጊዜ በዚያ ነው የሚገባው። ይህን ባለማወቄ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን «ኤጀንሲ፣ ሲ. ኤስ.» አድርጌ ልኬዋለሁ። አቶ ኤጀንሲ። ይህ እንኳ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ።

ኤጀንሲውን ካነሳሁ አይቀር ወደ ዓመቱ ልሂድ። የእኛ አገር የእንስሳት ጽሑፍ በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጀምረው፣ ታውቁታላችሁ፦ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የእንስሳት ሀብት ያላት አገር ናት፣ ይህን ያህል ሚሊዮን የቀንድ ከብት አላት፣ ቅንፍ፣ ሲ.ኤስ.ኤ. (የኤጀንሲው የእንግሊዝኛ አጭር ስም)፣ ዓመት። ይህች ዓመት ስንት ሰው እንዳሳሳተች። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ከብቱን ወደ 70 ሚሊዮን ያደርሰዋል። እሱ በፈረንጆቹ 2020/21 ነው። በፈረንጆቹ 2012/13 የተደረገው ደግሞ ወደ 54 ሚሊዮን ነው የሚለው። አሁን አንድ ሰው «ሲ.ኤስ.ኤ. 2013» ብሎ ሲጽፍ የትኛው ነው? የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ሁለቱም ዘመን ስለሚጻፍ አንዱ የእኛን ይወስዳል፣ ሌላው የእነሱን፣ በመሃል 16 ሚሊዮን ከብት ይጠፋል ወይም ይወለዳል። ለውጭ ጆርናል ከሆነ የፈረንጁን ዓመት ጻፉ፣ የእኛን በቅንፍ ማስከተል ይቻላል። ቁጥሩን ደግሞ ከሪፖርቱ ከራሱ ውሰዱ። ሌላ ሰው ከሌላ ሰው የወሰደውን ወስዳችሁ «ሲ.ኤስ.ኤ.» አትበሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ስም አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሆኗል፣ ያኔ የወጣው ሪፖርት ግን በወጣበት ስም ነው የሚጠቀሰው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እንደዚሁ ነው፣ እስከ 2022 ድረስ ኦ.አይ.ኢ. እያልን ነበር፣ ከዚያ ዎዋ ሆነ። የ2018ቱን ማኑዋል ይዛችሁ ዎዋ አትበሉት። የቆየ ቴሲስ ስትጠቅሱም ሽፋኑ ደብረ ዘይት ካለ ደብረ ዘይት ነው፣ አሁን ቢሾፍቱ ነው ብላችሁ አታርሙት። ፋኩልቲ ካለም ፋኩልቲ፣ ኮሌጅ ካለም ኮሌጅ።

ርዕስም እንደዚያው ነው። አንድ ገምጋሚ ገንዲን በአሮጌው አጻጻፍ «ትራይፓኖሶሚያሲስ» ብዬ ስለጻፍኩ «ትራይፓኖሶሞሲስ» በል አለኝ። ልክ ነው፣ የጥገኛ በሽታዎች ስም መጨረሻ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከ1988 ጀምሮ ስምምነት አለ። እኔ ግን ጎበዝ ነኝ ብዬ በአንድ ጠቅታ ሪፈረንሱ ውስጥ ያሉትን ርዕሶች ጭምር ቀየርኳቸው። የሰው ርዕስ አይነካም። ተሳስቶም ቢሆን እንደጻፈው ነው የሚቀመጠው።

ከዚያ ደግሞ 384 አለች። ናሙና ስንት ወሰድክ ሲባል ግማሹ የአገራችን የእንስሳት ሐኪም 384 ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ስርጭቱን 50 በመቶ ገምተህ፣ 5 በመቶ ስሕተት ፈቅደህ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ስታሰላው የሚመጣው 384 ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው የትረስፊልድ የእንስሳት ኤፒዲሚዮሎጂ መጽሐፍ ነው። ታዲያ አንዱ 1995 ይላል፣ አንዱ 2005፣ አንዱ 2007፣ አንዱ 2018። ቀመሩ አንድ፣ ዓመቱ አራት። ሁለተኛው እትም 1995፣ ሦስተኛው 2005፣ አራተኛው 2018 ነው፣ ገጹም ከእትም እትም ይለያያል። አማካሪዬ «የትኛውን ነው ያየኸው?» ሲሉኝ የቱንም አላየሁም ነበር። ከሲኒየሬ ቴሲስ ነው የቀዳሁት። እሱም ከሲኒየሩ።

«የሻልምና ኑርላንደርንስ አንብበኸዋል?»

«አዎ፣ ማለቴ… ሲጠቅሱት አንብቤያለሁ።»

«እሱንማ ሌላው ሰው ነው ያነበበው» አሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

ያን ቀን ስልሳ አንዱን ሪፈረንስ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ዘጠኙን አንብቤያቸው አላውቅም። ሁለቱ የተባለውን አይሉም። አንደኛዋ ጭራሽ በተገላቢጦሽ ነው የምትለው፣ በእጅ መታለብ ችግር የለውም ትላለች፣ እኔ ለችግሩ ማስረጃ አድርጌ ጠቅሻታለሁ። የሷ ጉዳይ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። በመጨረሻ ስልሳ አንዱ ወደ አርባ ስምንት ወረደ፣ ጽሑፉ ደግሞ ምንም አልጎደለበትም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። የጀርሞች ስም ርዕስ ውስጥም ሰያፍ ይሆናል። ዞቴሮ ላይ ቃሉን በማዕዘን ቅንፍ በታሰረች አይ በምትል ፊደል መሃል ካላስገባችሁት ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የጆርናል ስም ሲያጥር በራሳችሁ ስሜት አትቁረጡ፣ ደንብ አለው፣ አንድ ቃል ብቻ የሆነ ስም ደግሞ አያጥርም። ርዕሱ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ከገባ አስተካክሉት፣ የድሮ ጽሑፎች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቫንኩቨር ላይ እስከ ስድስት ደራሲ ይጻፍና ከዚያ «ኤት አል» (እና ሌሎች) ይባላል፣ ግን አንዳንዱ ጆርናል ሁሉንም ጻፍ ይላልና መመሪያውን እዩ። መመሪያው ካላጠገባችሁ ያው ጆርናል በቅርቡ ያወጣውን አንድ ጽሑፍ አውርዳችሁ ዝርዝሩን ከጎን አስቀምጡት፣ ከመመሪያው የበለጠ ይናገራል።

ዲ.ኦ.አይ. (ጽሑፉን ኔት ላይ የሚከፍተው ቋሚ መለያ) ያለው ሁሉ ይግባለት፣ ከዚያ ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ጠቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ዘንድሮ አንድ ልጅ ረቂቁን ላከልኝ፣ ሪፈረንሱ እንከን የለውም፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ነጥቡ፣ ቅጹ፣ ገጹ፣ ሁሉም ቦታው ላይ። ቀናሁበት። ከዚያ አንዱን ዲ.ኦ.አይ. ስነካው ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራ ጽሑፍ ተከፈተ። ሁለተኛው ጭራሽ የለም። ደራሲዎቹ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ያን ነገር ግን ጽፈውት አያውቁም። ለካ ኤ.አይ. ነው የጻፈለት። ልጁ አልዋሸም፣ እውነት መስሎት ነው። ማሽኑ ሪፈረንስ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ መኖር አለመኖሩን ግን አያጣራም። ከዞቴሮ ጥሩ ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው፣ ያስገባችሁት ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ውድቅ ተደርጎ ከሆነ ቀይ ምልክት አድርጎ ይነግራችኋል።

የኔዋ ጽሑፍ በአራተኛው ገባች። ገምጋሚዎቹ ስታቲስቲክሱ ላይ ጠዘጠዙኝ፣ ሪፈረንሱ ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ከወራት በኋላ ከመታተሟ በፊት የሚላከው ማረሚያ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «የደራሲዎቹ የራስና የቤተሰብ ስም በትክክል መለየቱን ያረጋግጡ» ይላል። የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ በቀለም ተቀብቷል። የእኔ ስም ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ያን ሁሉ ስለ ሰው ስም ከፈላሰፍኩ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። የተመራማሪ መለያ ቁጥሬም፣ ያቺ ባለ 16 አሃዟ፣ የቀድሞ ጽሑፎቼም በዚያው ናቸው። «አዎ፣ ትክክል ነው» የሚለውን ነካሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የኬንያ ጽሑፍ ጠቀሰችን። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የአባቴ ስም፣ «እና ሌሎች»፣ ዓመት። ማታ ለአባቴ ደወልኩላቸው።

«አባዬ፣ ኬንያ ውስጥ ስምዎን ጠቅሰው ጽፈዋል።»

«ምን አደረግሁ ብለው?»

«ላሟ ከመታለቧ በፊት ጡቷን በደንብ ያላጠበ ሰው ላም ይታመምበታል ብለዋል፣ እንዲህ ነው የጻፉት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ብያለሁ እኮ» አሉ፣ «እናትህ ናት የማትሰማው።»